የጂኔቭራ ጥድ፦ የሬኔሳንስ ሥዕል የማንን ስም ደበቀ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ናሽናል ጋለሪ ገብተን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣላትን ጂኔቭራን አየናት። ቤት ስንመለስ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። የሬኔሳንስ ሠዓሊዎች የሰዎቹን ማንነት በምልክት ይደብቁ ነበር፣ ቅጠሉ፣ ውሻው፣ ሻማው፣ እንስሳው ሁሉ ሚስጥራዊ ኮድ ነው ይላል። ይህን ኮድ የምንፈታበት የምልክቶች ዝርዝር አለ? ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራ ስሟ ያልታወቀ አንዲት ሴት ሥዕል መርጣ ማን እንደሆነች ማረጋገጥ ትፈልጋለች። ከየት ትጀምር?»

ዝርዝሩ የለም። ኮድ የተባለውም ነገር ቪዲዮው በሚለው መንገድ አልነበረም። ልጅዎ ከምልክት ከጀመረች ሥራዋ ገና ከመነሻው ይበላሻል። ከየት መጀመር እንዳለባት እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን «ይደብቁ ነበር» የሚለው መቃናት አለበት፣ ስህተቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ።

በሬኔሳንስ፣ ማለትም በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ፣ መልክን ማሣል ውድ ነገር ነበር። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚሣለው፣ ወይም ሚስቱንና ልጁን የሚያሥለው፣ እንዲታወቅ ነው። ሥዕሉ ቤት ይሰቀላል፣ ለአማች ይላካል፣ ለወዳጅ ይሰጣል። የሚያዩት ሰዎች የተሣለችውን ሴት ያውቋታል። ስሟ ያልተጻፈው ለዚህ ነው። እኛስ ሳሎን በሰቀልነው የእናታችን ፎቶ ላይ ስሟን እንጽፋለን? አንጽፍም፣ ቤቱ ሁሉ ያውቃታላ! ያ ፎቶ ከመቶ ዓመት በኋላ የማያውቋት ሰዎች እጅ ቢገባ ግን «ያልታወቀች ሴት» ትባላለች። የደበቃት የለም፤ የሚያውቋት ሰዎች አለቁ። የዚያ ዘመን «ስውር ማንነት» የሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው። ሥዕሉ ተወረሰ፣ ተሸጠ፣ አገር ቀየረ፣ ተቆረጠ፣ ስሙን የያዘው ወረቀት ጠፋ።

አሁን እርስዎ ያዩትን ሥዕል እንውሰድ። ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ የፍሎረንስ ባለባንክ ቤተሰብ ልጅ ናት። በ1474፣ በ16 ዓመቷ፣ ሉዊጂ ኒኮሊኒ የሚባል ሰው አገባች። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሊዮናርዶ የሣላት በዚያው በ1470ዎቹ ውስጥ ነው፣ ገና ወጣት ሳለ። ከጭንቅላቷ ጀርባ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው ዛፍ ጥድ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናውቀው የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው፣ የነሱ አጠር ያለ ቁጥቋጦ ቢሆንም። ጥድ በጣልያንኛ «ጂኔፕሮ» ይባላል። ጂኔቭራ፣ ጂኔፕሮ። ቅኔ የሰማ ሰው እዚህ ጋ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ኅብረ ቃል ነው። ሰሙ ዛፉ፣ ወርቁ ስሟ።

ቅኔን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ባለቅኔ ወርቁን የሚሸፍነው ለዘላለም እንዲጠፋ አይደለም። ሰሚው እንዲያገኘው ነው፣ ሲያገኘው ደስ እንዲለው። የጂኔቭራም ጥድ እንደዚያ ነው። ቋንቋውን ለሚያውቅ፣ እሷን ለሚያውቅ፣ ስሟን ይጠራል። ቪዲዮው «ኮድ» ያለው ነገር በዘመኑ ሰው ዓይን ጨዋታም ክብርም ነበር።

ግን ጀርባውን አይታችኋል? ብዙ ሰው ፊቷን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሳይለጠፍ በሁለቱም በኩል እንዲታይ ሆኖ የቆመው እኮ ለጀርባው ሲባል ነው። የጣውላው ጀርባ ፖርፊሪ የሚባለውን ቀይ ድንጋይ እንዲመስል ተቀብቷል። መሀሉ ላይ ትንሽ የጥድ ቅርንጫፍ አለች። በአንድ ጎኗ ሎሬል የሚባል ዛፍ ቅጠል፣ በሌላው ጎኗ ዘንባባ ያቅፏታል። ዙሪያውን በሚጠመዘዝ ጥብጣብ ላይ በላቲን «ቪርቱተም ፎርማ ዴኮራት» ይላል፤ ውበት ምግባርን ያስጌጣል ማለት ነው። ባለሙያዎች ከቀለም ሥር ያለውን በሚያሳይ በኢንፍራሬድ ጨረር ሲያዩት ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ «ቪርቱስ ኤት ሆኖር»፣ ምግባርና ክብር። ይህ የቤርናርዶ ቤምቦ መፈክር ነው። ቤምቦ ፍሎረንስ የነበረ የቬኒስ አምባሳደር ነው። ሎሬልና ዘንባባም የሱ አርማ ናቸው። የፍሎረንስ ገጣሚዎች ቤምቦ ለጂኔቭራ ስለነበረው ፍቅር ግጥም ጽፈዋል። ሁለቱም ትዳር ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ፍቅሩ የነፍስ ፍቅር እየተባለ በአደባባይ የሚወደስ፣ በዘመኑ የተማሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ዓይነት ነበር። እንግዲህ ጀርባውን እንደገና አስቡት። የሷ ጥድ መሀል፣ የሱ ሎሬልና ዘንባባ ዙሪያዋን። ብዙ አጥኚዎች ሥዕሉን፣ ቢያንስ ጀርባውን፣ ያሠራው ቤምቦ ሳይሆን አይቀርም የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጂኔቭራ ናት የምንለው በጥዱ ብቻ አይደለም። ሊዮናርዶ ጂኔቭራን እንደሣለ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉ ሰዎች አስቀምጠውልናል። ጥዱ ከፊትም ከጀርባም አለ። የቤምቦ አርማና መፈክር አለ። ስለ ሁለቱ የተጻፈው ግጥም አለ። እነዚህ ሁሉ ከተለያየ ቦታ ተነስተው አንድ ሴት ላይ ይገናኛሉ። ጥዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምንም አይነግረንም ነበር፤ ጥድ በዚያ ዘመን የንጽሕናም ምልክት ነበር፣ ስለዚህ ከማንኛዋም ወጣት ሴት ጀርባ ሊቆም ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ጀርባ ላይ ያለው የቅጠል ክብ ከታች ተቆርጧል። ስለዚህ ጣውላው ከሥሩ ተቆርጦ እንደነበረ እናውቃለን፣ ከተቆረጠው ጋር የሄዱት ምናልባት እጆቿ ናቸው። እጇ ላይ አበባ ይኑር፣ ቀለበት ይኑር፣ አሁን ማየት አይቻልም። ይህን ያሳጣን መጋዝ ነው፣ ሊዮናርዶ አይደለም።

እውነተኛ እንቆቅልሽ ያለበት ሥዕል የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ያውም ግሩም የሆነ። ሎሬንዞ ሎቶ በ1520 አካባቢ የሣላት ሴት ቤርጋሞ ከተማ፣ አካዴሚያ ካራራ ሙዚየም ውስጥ አለች። ከኋላዋ የሌሊት ሰማይ፣ ሰማዩ ላይ ጨረቃ፣ ጨረቃዋ መሀል ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ «ቺ» ተብለው የሚነበቡ። ጨረቃ በጣልያንኛ «ሉና» ናት። «ቺ»ን «ሉና» መሀል ያስገቧት። ሉ-ቺ-ና። ሉቺና! ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት ደግሞ የብሬምባቲ ቤተሰብ አርማ አለበት። ሉቺና ብሬምባቲ። ስም ከሰማይ፣ ቤት ከጣት።

ይህን ሥዕል ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ግን ለልጅዎ የሚሆን ማስጠንቀቂያም አለበት። እንቆቅልሹ በጣልያንኛ ነው የተሠራው። እኛ «ጨረቃ» እያልን ዕድሜ ልካችንን ብናየው አይፈታም። በእንግሊዝኛ ያሰበም አይፈታውም። ስምን የሚያነሳ ምልክት የሚነበበው በተሣለችው ሰው ቋንቋ፣ አንዳንዴም በከተማዋ አነጋገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት «ጨረቃ ማለት እንዲህ ነው» የሚሉ ዝርዝሮች እዚህ ጋ ዋጋ የላቸውም። በመጽሐፍ መልክ የወጣው ታዋቂው የምልክቶች ዝርዝር፣ የቼዛሬ ሪፓ «ኢኮኖሎጂያ»፣ የታተመው በ1593 ነው። ጂኔቭራ ከተሣለች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ከሱ በፊት የተሣለን ሥዕል በሱ መፍታት የልጅን ልብስ ለአያት ማልበስ ነው።

ፖላንድ፣ ክራኮው ከተማ ያለችውን ሴት ደግሞ እንያት፣ ምልክት ሲበዛም እንዴት እንደሚያዝ ታሳያለች። ሊዮናርዶ በ1490 አካባቢ ሚላን ውስጥ የሣላት ወጣት ኤርሚን ታቅፋለች፤ ክረምት ላይ ፀጉሯ ነጭ የሚሆን ቀጠን ረዘም ያለች ትንሽ አውሬ ናት። ኤርሚን ከምትቆሽሽ ብትሞት ትመርጣለች ይባል ስለነበር የንጽሕና ምልክት ናት፤ ሊዮናርዶ ራሱ ይህን በማስታወሻው ጽፎታል። የሚላኑ ገዢ ሉዶቪኮ ስፎርዛ ደግሞ ከኔፕልስ ንጉሥ የኤርሚን ኒሻን ተሸልሞ ነበር። በጥንት ግሪክኛ ለዚህ የእንስሳ ወገን የሚነገረው ቃል «ጋሌ» ነው፣ የልጅቷም የቤተሰብ ስም ጋሌራኒ። ቼቺሊያ ጋሌራኒ የሉዶቪኮ ፍቅረኛ ነበረች፣ በ1491 ወንድ ልጅ ወልዳለታለች። ሦስቱም ንባቦች ያስኬዳሉ። እኔን ከጠየቁኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠንካራ ናቸው፣ የግሪክኛው ጨዋታ ደግሞ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ማንነቷን ያጸናው ግን ወረቀት ነው። የሚላን ቤተ መንግሥት ገጣሚ ቤሊንቾኒ ሊዮናርዶ ቼቺሊያን ሣለ ብሎ ግጥም ጽፏል። በ1498 ደግሞ ኢዛቤላ ዴስቴ የምትባል የማንቱዋ ባላባት ያንን ሥዕል አውሺኝ ብላ ቼቺሊያን ጠየቀቻት። ቼቺሊያም ላከችላት፣ ከደብዳቤ ጋር። ሥዕሉ አሁን እኔን አይመስልም አለቻት። ጥፋቱ የሠዓሊው አይደለም፣ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ተለውጫለሁ የሚል ነው ሐሳቡ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንዲት ሴት የራሷን የድሮ ሥዕል አይታ የተናገረችው ነው። ከኤርሚኗ ይልቅ ይህች ደብዳቤ እሷን አቅርባ ታሳየኛለች።

እዚያው ሥዕል ላይ፣ ከላይ በግራ በኩል፣ «ላ ቤል ፌሮኒየር» የሚል ጽሑፍ አለ። የሌላ ሥዕል ስም ነው። ሥዕሉ ፖላንድ ከገባ በኋላ የተጻፈ ስህተት ነው። ጥቁሩ ጀርባም የሊዮናርዶ አይደለም፣ በኋላ ሰው የቀባው ነው። ስለዚህ ሥዕል ላይ የተጻፈ ስም ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ተጻፈ?» የሚለው ነው።

የተጻፈው ስም ትክክል ሲሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ የኛው የአጤ ልብነ ድንግል ሥዕል አለ። ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባል ሠዓሊ ነው የሣለው፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ፤ ኮሞ ከተማ ከነበረው የታሪክ ጸሐፊው የፓውሎ ጆቪዮ የሥዕል ስብስብ ገልብጦ። ማንነታቸው አያጠራጥርም። ግን ሠዓሊው ንጉሡን አይቷቸው አያውቅም። ስም ታወቀ ማለት መልክ ታወቀ ማለት አይደለም። ያንን ሥዕል የልብነ ድንግል ቁርጥ መልክ ነው ብላችሁ አታጋሩት፣ እባካችሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልሂድ፣ ምክንያቱም ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ያን ቫን አይክ በ1434 ብሩዥ ውስጥ የሣለው ባልና ሚስት ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው ያለው። ሰውየው ትልቅ ጥቁር ባርኔጣ አድርጓል። ሴትየዋ አረንጓዴ ቀሚሷን ከፊት ሰብስባ ይዛለች። እግራቸው ሥር ትንሽ ውሻ አለች። ከላይ የሻማ መስቀያው ላይ በጠራራ ቀን አንድ ሻማ ብቻ ይነዳል። ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ በላይ «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበር፣ 1434» የሚል የላቲን ጽሑፍ። በ1934 ኤርዊን ፓኖፍስኪ የተባለው ታላቅ አጥኚ ይህ ሥዕል የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው አለ። ሻማው ሁሉን የሚያይ አምላክ፣ ውሻዋ ታማኝነት፣ የወለቀው ጫማ ቦታው የተቀደሰ ለመሆኑ፣ ጽሑፉ የምስክር ፊርማ። ባልና ሚስቱም ጆቫኒ አርኖልፊኒና ጆቫና ቼናሚ ናቸው ተብሎ ተያዘ። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚህ ንባብ ተማርኬ ነበር፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል።

በ1990ዎቹ ግን አንድ ሰነድ ታተመ። እነዚያ ሁለት ሰዎች የተጋቡት በ1447 ነው። ሥዕሉ ከተሣለ 13 ዓመት በኋላ፣ ቫን አይክ ከሞተ ደግሞ 6 ዓመት በኋላ።

ታዲያ ማን ናቸው? ብሩዥ ውስጥ ሌላ ጆቫኒ አርኖልፊኒ ነበር፣ የዚያኛው የአጎት ልጅ። አሁን ብዙዎች ወደሱ ያዘነብላሉ። የሱ ሚስት ኮስታንዛ ትሬንታ ትባል ነበር፣ በ1433 የተጻፈ ደብዳቤ ግን ያኔ ሞታ እንደነበር ይናገራል። ስለዚህ አንዳንዶች ሥዕሉ የሟች ሚስት መታሰቢያ ነው አሉ። ሻማውም ትርጉሙ ተለወጠ፦ በባል በኩል የሚነደው ሕይወት፣ በሚስት በኩል ቀልጦ ያለቀው ሞት። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ስሟ በሰነድ ያልተገኘ ሁለተኛ ሚስት ናት ይላሉ። እንግዲህ ያንን ሻማ ተመልከቱት። አንዴ የአምላክ ዓይን፣ አንዴ ሠርግ፣ አንዴ ሐዘን። ሻማው አልተነካም። የተለወጠው ሰዎቹ ላይ የተለጠፈው ስም ነው፣ ትርጉሙ ስሙን ተከትሎ ሄደ። ብዙ ሰው ነገሩን የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ ምልክቱ ወደ ስም ይመራኛል ይላል።

እግረ መንገዴን፦ ሴትየዋ እርጉዝ ናት የሚባለውን ይተዉት። የቀሚሱ ፋሽን ነው፣ ጨርቁም ብዙ ነው። ቫን አይክ ራሱ ድንግሊቱን ቅድስት ካትሪንን በዚሁ ቅርጽ ሥሏታል። ውሻዋም ከቀለሙ ሥር ባለው ንድፍ ላይ የለችም፣ ሠዓሊው ቀለም ሲቀባ ነው የጨመራት። ታማኝነት ልትሆን ትችላለች። የቤቱ ውሻ ልትሆንም ትችላለች።

ከኛ አገር ሥዕል ጋር ያደገ ዓይን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎች በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ይህን ይዛችሁ ኡፊዚ ብትገቡ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የሣለውን የኡርቢኖውን ገዢ ፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮን ከክፉዎች ትመድቡታላችሁ፣ በጎን ስለተሣለ። እዚያ ግን በጎን መሣል ክብር ነው፤ የጥንት ሮም ነገሥታት በገንዘብ ላይ የሚታተሙት እንደዚያ ስለነበር። ፌዴሪኮ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። በጦር ጨዋታ ላይ ቀኝ ዓይኑን አጥቷል። ሠዓሊው በግራ በኩል ሣለው፣ ጠባሳው አይታይም። መደበቅ ከተባለ ይህ መደበቅ ነው፣ የተደበቀው ግን ቁስል ነው እንጂ ስም አይደለም።

የሠዓሊው የሆልባይን «አምባሳደሮች» የተባለው ሥዕልም ሠዓሊዎች ማንነትን ይደብቁ ነበር ለሚለው ብዙ ጊዜ በማስረጃነት ይጠቀሳል። በ1533 የተሣለ፣ እሱም ለንደን ያለ ነው። ወለሉ ላይ የተንጋደደ ነገር አለ፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ምን እንደሆነ አይገባም፣ ከጎን ጠጋ ብለው ሲያዩት የራስ ቅል ይሆናል። ከግራ ጥግ ከመጋረጃው ጀርባ መስቀል ግማሹ ብቅ ብሏል። አዎ፣ እነዚህ በእርግጥ ተደብቀዋል። የሚናገሩት ግን ስለ ሞትና ስለ መዳን ነው። የሰዎቹን ማንነት የነገረን ሌላ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ተጽፏል፤ የአንዱ በጩቤው አፎት ላይ 29፣ የሌላው ክንዱን ባስደገፈበት መጽሐፍ ላይ 25። ሉሉ ላይ ፖሊዚ የምትባል ትንሽ የፈረንሳይ መንደር ስሟ ሰፍሯል፣ የዣን ደ ዴንትቪል ርስት ናት። ሥዕሉን የሚገልጽ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ብራናም ተገኘ። ሜሪ ሃርቪ የተባለች አጥኚ እነዚህን አገናኝታ በ1900 ሁለቱን በስም ለየቻቸው፣ ዣን ደ ዴንትቪልና ጆርጅ ደ ሴልቭ። የራስ ቅሉን በመፍታት አልነበረም።

ስለ ሞናሊዛ ዓይን ውስጥ ፊደል ተገኘ የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል፣ በ2010 ነው የተነሳው። ሥዕሉ ያለበት የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ሥዕሉ በላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ እንደተመረመረና ፊደልም ቁጥርም እንዳልተገኘበት መልስ ሰጥቷል። ያረጀ ቀለም ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን ደግሞ ዓይን ፊደል ያደርገዋል። ሴትየዋ ሊዛ ጌራርዲኒ ናት፣ የሐር ነጋዴው የፍራንቼስኮ ዴል ጆኮንዶ ሚስት። በጥቅምት 1503 አንድ የፍሎረንስ ጸሐፊ በሚያነበው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ሊዮናርዶ የሊዛ ዴል ጆኮንዶን መልክ እየሣለ እንደሆነ ጽፎ ተገኝቷል። መጽሐፉ ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ከተማ ነው ያለው። የጠርዝ ማስታወሻ፣ አለቀ።

አንድ ሥዕል ግን ማንነት በእርግጥ ተሸፍኖበት ነበር። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፣ ባልቲሞር ነው። ዋልተርስ ሙዚየም ውስጥ ፖንቶርሞ በ1530ዎቹ መጨረሻ ላይ የሣላት ጥቁር የለበሰች ሴት አለች፣ ማሪያ ሳልቪያቲ፣ የፍሎረንሱ መስፍን የኮዚሞ እናት። ለረጅም ጊዜ ሥዕሉ ላይ እሷ ብቻ ነበረች። በ1937 ሲጸዳ ከቀለሙ ሥር አንድ ሕፃን ወጣ፣ እጇን ይዞ። መጀመሪያ ልጇ ኮዚሞ ነው ተባለ። በ1990ዎቹ ግን ልብሱንና ዘመኑን ያመዛዘኑ አጥኚዎች ሴት ልጅ ናት፣ ጁሊያ ዴ ሜዲቺ ናት አሉ፣ ሙዚየሙም ይህን ተቀብሏል። የጁሊያ አባት አሌሳንድሮ ዴ ሜዲቺ የፍሎረንስ መስፍን ነበር፣ በ1537 ተገደለ። የአሌሳንድሮ እናት አፍሪካዊ ደም ያላት አገልጋይ እንደነበረች ይነገራል፣ እሱንም «ኢል ሞሮ»፣ ጥቁሩ እንደማለት፣ ይሉት ነበር። አባቷ ሲሞት ጁሊያ ገና ሕፃን ነበረች። ማሪያ ናት ያሳደገቻት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ ሁልጊዜ። ፖንቶርሞ ይህችን ልጅ አልደበቃትም። ሣላት። ፊቷን፣ ጣቶቿን፣ ማሪያ እጇን እንዴት እንደያዘቻት ሣለ። የሸፈናት ሥዕሉ ከተጠናቀቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ብሩሽ ያነሳ ሌላ እጅ ነው። ለምን እንደሆነ ደረሰኝ አልተወልንም፣ ስለዚህ በቆዳዋ ቀለም ነው ብሎ መፎከርም፣ ለገበያ ነው ብሎ መደምደምም አይገባም። ያለን ነገር ልጅቷ ነበረች፣ ተሸፈነች፣ ተመለሰች የሚለው ብቻ ነው። እሱም ብዙ ነው።

አሁን ለልጅዎ። ስሟ ያልታወቀ ሴት መርጣ ማንነቷን «ማረጋገጥ» የሚለውን እቅድ ትተወው። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት ያሳለፉ ሰዎች ያልፈቱትን ከስልክ ላይ በአንድ ወር አትፈታውም፣ ምስል ብቻ አይታ የምታወጣው ስም ግምት ነው። ፊት የሚያመሳስል አፕ እንዳትጠቀም። ሠዓሊዎቹ ፊትን በዘመኑ የውበት ልክ ያስተካክሉ ስለነበር አፑ የሚያገኘው ተመሳሳይነት የፋሽን ተመሳሳይነት ነው። ማንነቱ በሰነድ የተያዘ ሥዕል ትውሰድና ሰዎች እዚያ እንዴት እንደደረሱ ትከተል። ቅደም ተከተሏም ይህ ይሁን። መጀመሪያ ዕቃው ራሱ፤ ጣውላው ተቆርጧል ወይ፣ ጀርባው ላይ ምን አለ፣ በኋላ የተቀባ ነገር አለ ወይ። ቀጥሎ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ የሚለው፤ ሙዚየሞች ይህን በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ፣ ብዙ ሰው ግን አያነበውም። ቀጥሎ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ አርማ፣ ቀለበት፣ ልብስ። ቀጥሎ የዘመኑ ደብዳቤ፣ ግጥም፣ የንብረት መዝገብ። ምልክት መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ያውም በተሣለችው ሰው ቋንቋ ተነቦ። አንዱ ከሌላው ያልተቀዳ ሁለት ማስረጃ አንድ ሰው ላይ ካልተገናኘ «ያልታወቀች ሴት» ብላ ትጻፍ። ሙዚየሞች እንደዚያ የሚጽፉት ስለሰነፉ አይደለም፣ አስተማሪዋም ውጤት ሊቀንሱባት አይገባም።

ሥዕሏን እኔ ልምረጥላት ካሉኝ ጁሊያን ትውሰድ። መግቢያው ነፃ ነው፣ ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ዋልተርስ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕሎችና መስቀሎች ስብስቦች አንዱ ያለው ሙዚየም ነው፣ ስለዚህ በዚያው ቀን ሁለቱን ታያለች። ከጁሊያ ፊት ስትቆም ምልክት አትፈልግ። በማሪያና በልጅቷ እጆች ትጀምር። የጽሑፏንም ርዕስ «ይህች ልጅ ማን ናት?» ከምትለው «ይህችን ልጅ ማን ሸፈናት፣ ማንስ ገለጣት?» ብትለው እመርጣለሁ።